ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ይህ የሒሳብ ደብተር ነበር። መምህሩ ሦስት ገጽ አርመው ተስፋ ስለቆረጡ የተረፈው ለእኔ ሆኗል።

ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ የአባባ መኪና ላይ ቀይ መብራት በራ። ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለበት። ትንሹ ወንድሜ "መኪናው ተቆጣ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። አባባ የእጅ ፍሬኑን ስቦ መለሰው፤ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ዳሽቦርዱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፤ አሁንም ወይ ፍንክች። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ መብራት የተሠራው መንዳት ለማይችሉ ነው፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ አልገጨሁም አለ። ዶሮዋን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃታለሁ። በየቀኑ ሳትገጭ ትውላለች።

አባባ የእናቴ አባት ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። እኔንና ትንሹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቲኬት ቆራጩን ሐኪም ቤት ይወስዳል። ቲኬት ቆራጩ በአውቶቡሱ ዘመን አብሮት የሠራ ጓደኛው ነው፤ ስኳር በሽታ አንድ እግሩን ወስዶበታል፣ ምላሱን ግን አልነካበትም።

ማታ አጎቴ መጣ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ኮሚቴው ነው የምለው፤ ብቻውን ስብሰባ ጠርቶ፣ ብቻውን ተወያይቶ፣ በሙሉ ድምፅ መወሰን ይችላል። ስለ መብራቱ ሲሰማ የእሱም ዓይን በራ። አባዬ አርጅቷል፣ ቁልፉን በክብር ማስቀመጥ አለበት፣ አንድ ጥፋት ብቻ ካየሁ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ አለ። እማዬ ቅዳሜ መካኒኩ ይየው ብላ አበረደችው። አባባ በረንዳ ላይ ጋዜጣ እያነበበ ነበር። ገጹን ለረጅም ጊዜ አልገለጠም።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ

ታሪክ ሠራሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ቲኬት ቆራጩን ቤቱ አድርሶ መጥቶ ተኝቷል። ስልኬ ላይ አነበብኩ። ቀዩ መብራት ሲበራ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይታያል፣ ቀጥሎ የፍሬን ዘይት። ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱ ያለው ነጣ ያለች የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ከታችኛው መስመር ወርዷል። ለምን እንደሚወርድ የሚያስረዳም ነገር ነበረ። ረጅም ነው፤ ዘለልኩት።

ዕቃ ቤት መደርደሪያው ላይ የአባባ ጠርሙሶች አሉ። አባባ በጽሑፍ አያምንም፤ ዘይት የነካው እጅ ጽሑፍ ያጠፋል ይላል። ስለዚህ አንገታቸው ላይ ክር ያስርባቸዋል፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ልማዱን ያመጣው ከአውቶቡስ ጋራዡ ነው፤ ክሩን የሚያመጣው ደግሞ ከእማዬ የስፌት ሳጥን ነው፣ ሳያስፈቅድ። የትኛው ክር የምን እንደሆነ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪ ብቻ ናቸው። ሁለቱንም አልጠየቅሁም። መብራቱ ቀይ፣ ክሩ ቀይ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እስከ ላይኛው መስመር ሞላሁት። ቁልፉን ሳዞር መብራቱ ጠፋ።

ለማንም አልነገርኩም። አባባ ነገ ሲያየው "አላልኩም?" ማለቱ አይቀርም፤ እሱ ሲኮራ ማየት ደግሞ ሲኒማ ነው። አንድ ሳምንት ላስኮራውና ከዚያ እነግረዋለሁ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

አለ። "አላልኩም?" ሦስት ጊዜ። ኮሚቴውን እጁን ይዞ መኪናው ድረስ ወስዶ አሳየው። ኮሚቴው መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አድርጎ ዳሽቦርዱን መረመረው። የሚወስነው ነገር ሲያጣ እንዴት እንደሚያሳዝን። እማዬ የመካኒኩን ቀጠሮ ሰረዘች።

ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩት።

ግንቦት 15፣ ሐሙስ

ሳምንቱ ሞላ። ዛሬ ልነግረው ነበር፤ ግን ለቲኬት ቆራጩ በስልክ ሲተርክለት ሰማሁ። መኪና እንደ ሰው ነው፣ ኮስተር ብለህ ካናገርከው ይታዘዝሃል ይለዋል። ይህን እንዴት አድርጌ አፈርሰዋለሁ? ሌላ ሳምንት ልጨምርለት።

ግንቦት 21፣ ረቡዕ

ነገ ፈተና። ባዮሎጂ። ቶሎ።

አባባ ፔዳሉ ደንድኗል ይላል። ፍሬኑ ሳይረገጥም እየያዘ ነው፣ የፊት ጎማዎቹ ይግላሉ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ኮሚቴው "እግርህ ነው የከበደው፣ አባዬ" አለው። መብራቱ ግን አልበራም። ካልበራ ደህና ነው ማለት ነው።

ስለ ዘይቶች ትንሽ አነበብኩ። ግማሽ ገጽ። ዘጋሁት። ከፈተና በኋላ።

ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ጽሑፌ የሐኪም ጽሑፍ መስሏል።

ጠዋት ቁልቁለቱን መውረድ ስንጀምር ቀዩ መብራት በራ። አባባ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሄደ። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። ደገመ፤ ምንም። ከፊታችን ሰው የጫነ ሚኒባስ አለ፣ ከታች መስቀለኛ መንገድ።

አልጮኸም። ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አወረደው፤ ሞተሩ አጓራ። የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥርስ በጥርስ ሳበው። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ፣ አዲስ ሕንፃ የሚሠራበት ግቢ በር ላይ የተከመረ ጠጠር ውስጥ ከተተን። የጎን መስታወቱ ተገንጥሎ ሄደ። ትንሹ ከንፈሩን ነክሶ ደማ። ሌላ ምንም።

አባባ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደኋላ ዞረና በየስማችን እየጠራ ቆጠረን። ሁለት ነን። ሁለት ጊዜ ቆጠረን።

የግቢው ዘበኛ እየሮጠ መጣ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ነገር፣ ምናለ ሽማግሌ ቤቱ ቢቀመጥ የሚል ነበር። እኔ የትንሹን ከንፈር በእጅጌዬ ጠረግሁ።

አባባ ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ባልሆን ኖሮ ደግሞ

ግንቦት 29፣ ሐሙስ

መካኒኩ ቤት ድረስ መጣ። እኛ ቤት ስሙ አልቋል ነው፤ የነካውን ሁሉ "ይሄ አልቋል" ይላል። የፍሬን ሸራው፣ ጎማውን ጨብጦ የሚያቆመው፣ አልቋል አለ። ሸራ ሲሳሳ ዘይቱ ይወርዳል፣ መብራቱ ያኔ የበራው ይህን ሊናገር ነበር አለ። ከዚያ የዘይቱን ዕቃ ክዳን ከፈተ። የክዳኑ ጎማ አብጦ፣ ተጣጥፎ፣ ውሃ የነካው ዳቦ መስሏል። ጣቱን ነክሮ አሸተተ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠየቀ። ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ከዘይቱ ጠብ አደረገበት። የፍሬን ዘይት ቢሆን ከውሃው ጋር ይቀላቀል ነበር፤ ይሄ ተንሳፈፈ። የመሪ ዘይት ነው አለ። የፍሬኑን ጎማ ሁሉ አሳብጦ በልቶታል።

ኮሚቴው ዕቃ ቤት ገብቶ ቀይ ክር የታሰረበትን ጠርሙስ ይዞ ወጣ። ጎድሏል። አባባ ፊት አስቀመጠው።

"አባዬ፣ ይሄ የምን ዘይት ነው?"

"የመሪ።"

"ክሩን ማን አሰረው?"

"እኔ።"

"ከአንተ ሌላ የሚነካው ሰው አለ?"

"የለም።"

ኮሚቴው "እንግዲህ" ብሎ ቀሪውን ተወው። አባባ ጠርሙሱን አየ፣ ከዚያ የገዛ እጁን አገላብጦ አየ። ሁሉም ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ፤ የምጠብቀው ምን እንደነበር እንጃ።

"አላስታውስም" አለ አባባ በመጨረሻ። "ጨምሬ ይሆናል።"

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ማንም አልጠየቀውም።

ያው ቀን፣ ማታ

አፌ ለቀልድ ሲሆን ሳይጠሩት አቤት ይላል። ዛሬ ተጠርቶም አቤት አላለም።

"እኔ ነኝ" ሁለት ቃል ነው። ትንሹ እንኳ አጣርቶ ይለዋል። ግን እማዬ ታለቅሳለች፣ የትንሹ ከንፈር አብጧል፣ ኮሚቴው ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደረድራል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ወደ እኔ ሲመጣ ይቆይና አባባ ጋ ያርፋል። መጀመሪያ ትንሽ ልጠብቅ አልኩ። ከዚያ አባባ "ጨምሬ ይሆናል" አለ፣ ነገሩም ተዘጋ። ተዘጋ ስል እፎይ ማለቴን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ።

በዚያ ላይ ያዳነን እሱ ነው። ማርሹን ሲያወርድ አይቻለሁ። ለማንም አልመሰከርኩለትም፤ አንዱን ከተናገርኩ ሌላው ተከትሎ ይወጣል ብዬ ፈራሁ።

ትልልቅ ሰዎች ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቅ ከሆነ ለምን ይከረፋል?

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ከዚያ ወዲህ አምስት ነገ አለፈ።

አባባ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከወንበሩ ሦስት ጊዜ ይነሳል። በሩን ቆልፎ ተመልሶ ይገፋዋል። ኪኒኑን ውጦ፣ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ እማዬን "ዋጥኩ?" ይላታል። የጠርሙሶቹን ክር ሁሉ ፈትቶ ጥሏል።

ወጥ ቤት በር ላይ ሰማሁ። ቆሜ አልነበረም፤ እያለፍኩ ነበር፣ በጣም ቀስ ብዬ። ኮሚቴው የማስታወስ ሐኪም ዘንድ እንውሰደው ይላል። እማዬ፣ አባቴ ስሜን የሚረሳበት ቀን ደረሰ ማለት ነው? አለችው። ኮሚቴው ስብሰባውን ያለ ውሳኔ በተነ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። በሌላ ቀን ቢሆን በዓሉን አከብረው ነበር።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ቲኬት ቆራጩ ደወለ። አባባ ስልኩን እያየ አላነሳም፤ እኔ አነሳሁ። ሾፌሩ አኩርፎ ነው ወይስ ጎማው ተንፍሶ? አለኝ። ጉንፋን ይዞታል አልኩት። እንግዲያው በታክሲ እሄዳለሁ አለ፤ በክራንች፣ በዚህ ዝናብ። ንገሪው፣ ያለ እሱ መንገዱ ቀልድ የለውም አለኝ።

ስዘጋው አባባ ምን አለ? ብሎ ጠየቀ። ሰላም ብሎሃል አልኩት። በአንድ ደቂቃ ሁለት ሽማግሌ ዋሸሁ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ትንሹ ዛሬ ሙሉ ቀን ጠየቀኝ። መርሳት ይጋባል? አባባ የረሳውን ማን ያገኘዋል? የከንፈሩ ቁስል ደርቋል፤ ቅርፊቱን እንዳይልጥ እጁን ይዤ ዋልኩ። ጥሩ እህት መምሰል ቀላል ነው።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት ሄድን። እኔም ተከተልኩ፤ ፈተና ስላለቀ ሰበብ አጣሁ።

ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ተባለ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ ተባለ። ሰዓት ይሳሉ ተባለ። ሁሉንም መለሰ፤ ሰዓቱ ላይ እንዲያውም የሰከንድ ቆጣሪ ጨመረበት። ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ ለዕድሜዎ ግሩም ነው፣ የሚያሳስብ ነገር አላየሁም አለችው። እማዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቦርሳዋንም አነሳች።

አባባ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

"ታዲያ ዘይቱን ማን ጨመረው?" ብሎ ሐኪሟን ጠየቃት።

ግድግዳው ላይ የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። እስከ መጨረሻዋ ጥቃቅን መስመር ድረስ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

ነገርኩት።

እማዬ የሰፋችውን ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ትንሹን አባባ ዘንድ ልትተወው ነበር። አባባ ተነስቶ እስከ በሩ ተከተላትና ልጁን እኔ ጋ አትተይው አላት፤ ቀስ ብሎ፣ ትንሹ እንዳይሰማ። ትንሹ ሰማ። ጫማውን ሳስርለት አባባ ጠላኝ እንዴ? አለኝ።

ሲሄዱ በረንዳው ላይ ሄጄ ቆምኩ። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ ያለው፣ ሐተታ ያለው፣ በመሐል አንድ ሁለት ቦታ የሚያስቅ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አባባ፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ዘይቱን። መብራቱን ላጠፋልህ ብዬ። ተኝተህ ነበር።"

ቀኑን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በጣቶቹ ቆጠረ፤ ጣት አልበቃውም፣ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ።

"ሐኪሟ ጋ ስንሄድ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ፣ በጥፊ ቢለኝ፣ እኔም አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና፣ ነጩ ነበር፣ የፍሬኑ ነጩ ነበር አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ በሩን ቆለፈ። ተመልሶ አልገፋውም።

ማታ ለእማዬና ለኮሚቴውም ነገርኩ። ጠጠሩ ውስጥ እንዴት እንዳስገባንም ነገርኩ። እማዬ "ይሄን ሁሉ ቀን?" አለች። ኮሚቴው ጉሮሮውን ጠረገ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ስል፣ ለማንኛውም መኪናው እንደቆመ ቢቀር አይከፋም አለ። እማዬ ዝም በል አለችው። ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ስትለው ሰምቼ አላውቅም። ዝም አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ስንት አዳር እንደሚፈጅ የተናገረ የለም።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

መኪናውን አልቋል ሠራው። እኔም ሠራሁት፤ ቅጣትሽ ነው ብላ እማዬ አስረከበችኝ። ፍሬኑ ውስጥ ጎማ የተባለ ሁሉ ወጣ፤ ከፔዳሉ ጀምሮ እስከ አራቱም እግር። ቧንቧዎቹ ታጠቡ። አዲስ ሸራ ገባ። አዲሱ ዘይት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ አራተኛ ላነብ ስል አልቋል ነጠቀኝ።

ከዚያ ቧንቧዎቹ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት። እኔ ጋቢና ተቀምጬ ፔዳል ላይ፣ እሱ ጎማው ሥር ተጋድሞ። ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ። ርገጪ። ያዢ ሲል ከለቀቅሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ አንዴ ለቀቅሁና ያን ጎማ ከመጀመሪያው ጀመርነው። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠንከር ብሎ ቆመ። ቁልፉ ሲዞር ቀዩ መብራት በራና ወዲያው ጠፋ። እንደዚህ ነው መጥፋት ያለበት አለ አልቋል።

አባባ በረንዳ ላይ ነበር። ጋዜጣ ይዟል፤ የትናንቱን። አልቋል እጁን እየጠረገ ወደ እሱ ሄደ።

"ጋሼ፣ ያንን ቁልቁለት ያለ ፍሬን የሚያወርድ ሾፌር ከእርስዎ ሌላ አላውቅም" አለው።

አባባ አመሰገነው። እማዬ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጥቂት ይዞት ቆየና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው። ቲኬት ቆራጩ አልደወለም።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

አባባ አናገረኝ። ጨው አቀብዪኝ አለ። አቀበልኩት። ቆይቼ፣ ሳይጠይቀኝ፣ እንደገና አቀበልኩት።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ጠዋት ቁልፉ መስኮቱ ላይ አልነበረም። ሮጬ ወጣሁ። አባባ ኮቱን ለብሶ አዲሱን የጎን መስታወት በመሐረብ ይወለውላል። ቲኬት ቆራጩ ይጠብቀናል፣ ግቢ አለኝ። ጫማዬን መኪናው ውስጥ ነው ያሰርኩት።

ጥሩ ነበር። ዋናውን መንገድ ይዞ፣ ሲታጠፍ እንደ ድሮው እያፏጨ። ዛሬ መብራት የሚያጠፋ ባለሙያ ይዣለሁ፣ ምን እፈራለሁ? አለ። ሳቅሁ። ሳቄ ከቀልዱ በጣም ይበልጥ ነበር፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ያልሳቅሁት ሁሉ መጣ።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀነሰ። ቆመ። ከፊታችን ማንም አልነበረም። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት የለም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው።

"ቆመናል?" አለኝ።

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ቆመናል አልኩት።

በመስኮቱ የመንገድ ዳሩን አጥር አየ፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ መልሶ አጥሩን፤ የሚሄደው የትኛው እንደሆነ እንደሚለይ ሰው። እርግጠኛ ነሽ? አለ። እርግጠኛ ነኝ አባባ፣ ፍሬኑን እኔ ራሴ ነኝ፣ ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። ይህ ለእሱ ማረጋገጫ እንደማይሆን አፌ ውስጥ እያለ ገባኝ።

ከኋላችን አንዱ ጥሩምባ ነፋ፤ ሌላው ተቀበለው። አባባ የእጅ ፍሬኑን እስከ ላይ ሳበው። ሞተሩን አጠፋ። እግሩን ግን ከፔዳሉ አላነሳም፤ እንደረገጠ ነው። ስልኩን ሰጠኝና ለቲኬት ቆራጩ ደውዪለት፣ መንገድ ተዘግቶብን ነው በዪው አለኝ።

ደወልኩ። መንገድ ተዘግቶብን ነው አልኩት።

"ማን ነው የዘጋው?" አለ ቲኬት ቆራጩ፤ ቀልድ እየጠበቀ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

እሱ ስልኩ ውስጥ ይስቃል፤ አባባ ክንዴን ያዝ አድርጎ እንደገና፣ "ቆመናል?" አለኝ።